የፈረሱን ጭራ ለፈረሱ እንተውለት

የዛሬው ንግግራችን የደጋ ፈረስና በቅሎ ወደ ቆላ ሲወርዱ ስለሚያገኛቸው ሙቀትና ዝንብ ነው።

መካነ ሰላም የተቆረቆረችው 2,600 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነው። ከዚያ ተነሥቶ ወደ ዓባይ ሸለቆ የሚወርድ ሰው ጋቢውን መንገድ ላይ ያወልቃል። ከፍታው በ1,000 ሜትር በቀነሰ ቁጥር ሙቀቱ 6 ዲግሪ ያህል ይጨምራልና። ፈረሱ ግን የሚያወልቀው ጋቢ የለውም፤ እንዲያውም ኮርቻና ጭነት ተጨምሮበታል። ስለዚህ ቁልቁለቱን በጧት ጨርሱት። እኩለ ቀን ላይ ጭነቱን አራግፋችሁ ጥላ ሥር አሳርፉት።

“ላብ ያጠመቀውን ፈረስ ውሃ አታጠጣው፣ ይታመማል” እየተባለ ስንቱ ፈረስ ወንዝ ዳር ቆሞ ተጠምቷል! ይህ አባባል ትክክል አይደለም። የላበ ፈረስ ይጠጣ። አንገቱ፣ ደረቱና ጭኑ ላይም ውሃ አፍስሱበት። በሙቀት ቀን የሚሠራ ፈረስ ሁለት የ20 ሊትር ጀሪካን ውሃ ቢጨርስ አይግረማችሁ። በላቡ ጨው ስለሚወጣ ጨው አስልሱት። ያረፈ ጤነኛ ፈረስ በደቂቃ ከ8 እስከ 16 ጊዜ ይተነፍሳል። ጥላ ሥር ቆይቶም ጎኑ ቶሎ ቶሎ ከተነሣና ከወደቀ፣ ያን ዕለት አትጫኑት።

ወደ ዝንቡ እንምጣ። እኛ ዝንብ የምናባርርበትን ዕቃ “ጭራ” የምንለው ለምን ይመስላችኋል? ከፈረሱ ወስደነው እኮ ነው! የማሲንቆውም ክር ከዚያው ነው። ባለቤቱ ዛፍ ሥር ተቀምጦ በጭራው “እሽ! እሽ!” ሲል፣ ጭራው የተቆረጠበት ፈረስ አጠገቡ መሬት በኮቴው እየደበደበ ይሠቃያል። ለማሲንቆ ጥቂት ዘለላ ይበቃል፤ የቀረውን ተዉለት። ጋማውንና ግንባሩ ላይ የወረደውን ፀጉርም አትከርክሙ፤ ዓይኑን ከዝንብ የሚጠብቅለት እሱ ነው።

በሽንት የራሰ ገለባና ፋንድያ የዝንብ መፈልፈያ ነውና ጋጣውን በየቀኑ ጥረጉ። ገጣባ ካለበት አንድ ሊትር ውሃ አፍልታችሁ፣ አንድ የሻይ ማንኪያ ጨው ጨምራችሁ፣ ሲቀዘቅዝ እጠቡለት። እስኪድን ኮርቻ አይንካው፤ ግላስ ደራርቦ መጫን ቁስሉን መደበቅ እንጂ ማዳን አይደለም።

ከሁሉ የከፋችው ግን ከጤፍ ፍሬ ብዙ የማትበልጠው ትንኝ ናት። የፈረስ በሽታ የተባለውን ደዌ የምታስተላልፈው እሷ ናት። በሽታው ክረምቱ ሲወጣ ይበረታል። ከያዛቸው ፈረሶች አብዛኞቹን ይገድላል፤ በቅሎም ትሞትበታለች፤ አህያ ግን እምብዛም አትጎዳም። ትንኟ የምትናከሰው ከምሽት እስከ ንጋት ነው። እንግዲህ በመስከረምና በጥቅምት፣ የግድ ካልሆነ፣ ፈረሳችሁን ቆላ አታሳድሩት። ካደረም ፀሐይ ሳትጠልቅ ቤት አስገቡት። ደጃፉ ላይ ኩበት ማጨስ ይረዳል። ቤቱን ግን በጭስ አትሙሉት፤ ሳንባውን ይጎዳዋል።

በሽታው መድኃኒት የለውም፤ ክትባት ግን አለው። የሚመረተውም እዚሁ አገራችን፣ ቢሾፍቱ ነው። ወቅቱ ሳይደርስ የቀበሌያችሁን የእንስሳት ጤና ባለሙያ ጠይቁ። ከፈረሱ ዓይን በላይ ያለችው ጎድጓዳ ቦታ አብጣ፣ ከአፍንጫውም ነጭ አረፋ ሲወርድ ካያችሁ፣ ለባለሙያው በዚያው ቀን ንገሩ። የቀሩትንም ፈረሶች ሳይመሽ ጋጣ አስገቡ።

ደህና እደሩ።