የዛፍ ቅርንጫፍና የኤሌክትሪክ ሽቦ

 

ነሐሴ 8 ቀን 1995 ዓ.ም. በአሜሪካና በካናዳ 50 ሚሊዮን ያህል ሕዝብ በድንገት መብራት አጣ። ለዚህ ጥፋት ምክንያት ከሆኑት ነገሮች አንዱ፣ በኦሃዮ ግዛት በጊዜው ሳይከረከም የቀረ ዛፍ ነበር።

ብዙ ኃይል የተሸከመ ሽቦ ይግላል፤ ሲግል ይረዝማል፤ ሲረዝምም ወደ መሬት ይረግባል። በዚያን ቀን 345 ሺህ ቮልት የሚያስተላልፉ ሦስት መሥመሮች በየተራ ከዛፍ ጋር ተነካክተው ተቋረጡ፤ ሸክማቸውም በሌሎቹ ላይ ወደቀ።

እስከዚያ ድረስ ኩባንያዎቹን በመላ አገሪቱ የሚያስገድድ ደንብ አልነበረም። በ1997 ዓ.ም. የአሜሪካ ምክር ቤት ሕግ አወጣ፤ ከ1999 ዓ.ም. ጀምሮም የታላላቅ መሥመሮች ባለቤቶች በሽቦውና በዛፉ መካከል የተወሰነውን ርቀት ዘወትር እንዲጠብቁ ተገደዱ። ይህን ያጓደለ ብርቱ መቀጫ ይከፍላል።

የደንቡ ቁም ነገር ይህ ነው፦ ርቀቱ የሚታሰበው ዛፉ በተከረከመበት ዕለት ብቻ ሳይሆን፣ ቅርንጫፉ እስከሚቀጥለው ክርከማ የሚያድገው ታስቦ፣ ሽቦውም እጅግ በሚረግብበት ሰዓት ነው። እንግዲህ ሠራተኞች ከደጃችን ያለውን ዛፍ አብዝተው ቈረጡት ብለን ከማዘናችን በፊት ይህን እናስተውል። ዛፍ ጥላና ጌጥ መሆኑ እውነት ነው፤ ነገር ግን አባቶቻችን «ሳይቃጠል በቅጠል» ብለዋል።