ከአልበሙ የቀደመው «አይሪስ»

እሷ፦ የጉ ጉ ዶልስ ባንድን «አይሪስ» ዘፈን ብዙ ሰው የሰማው መጀመሪያ በራሳቸው አልበም አይደለም እኮ! «ሲቲ ኦፍ ኤንጅልስ» ለተባለው ፊልም በወጣው የዘፈን ስብስብ ነው።

እሱ፦ አልበማቸው «ዲዚ አፕ ዘ ገርል» ላይም አለ'ኮ።

እሷ፦ አለ፤ ግን ከወራት በኋላ ነው፣ መስከረም 1998 እ.ኤ.አ.።

እሱ፦ ታዲያ አልበሙን አልጎዳውም?

እሷ፦ ኧረ ጠቀመው እንጂ! የአሜሪካ ሬዲዮኖች ዘፈኑን 18 ሳምንት አንደኛ አድርገውታል።

እሱ፦ ቢልቦርድ ሆት 100 ላይ ግን ከ9ኛ አላለፈም።

እሷ፦ በነጠላ ስላልተሸጠማ ነው! ደንቡ እስኪቀየር፣ እስከ ዓመቱ መጨረሻ፣ ሰንጠረዡ ውስጥ አላስገቡትም። አሁንም ያናድደኛል።

እሱ፦ ልክ ነሽ። እኔን የሚገርመኝ ግን 1993 እ.ኤ.አ. ለኤድስ እርዳታ የወጣው «ኖ ኦልተርኔቲቭ» የተባለው የዘፈን ስብስብ ነው። እዚያ ላይ የሮሊንግ ስቶንስን ዘፈን ሲጫወቱ፣ የቡፋሎ ፓንክ ልጆች መሆናቸው ይሰማል።

እሷ፦ እኔ «አይሪስ»ን አልለቅም፤ መሀል ላይ ማንዶሊኑ ሲገባ ስማው!

እሱ፦ እሺ፣ እሱን እናሰማ።