ከሞፈር ወደ ጠመንጃ
(በማኅበራችን 10ኛ ዓመት በዓል ላይ የቀረበ ንግግር)



ስለ ማኅበራችን የ10 ዓመት ሥራ ከእኛ በፊት የተናገሩት ዘርዝረውታል። እኛ በየስብሰባው ከኋላ ተቀምጠው አንድም ቃል ሳይናገሩ ስለሚሄዱት፣ ከእርሻ ተነሥተው ስለ ዘመቱት አባቶቻችን ጥቂት ለማለት እንወዳለን።

በደቡቡ የሀገራችን ክፍል ጭሰኛ የነበረው ገበሬ ካመረተው ሲሶውን፣ አንዳንዱም እኩሌታውን ለባለመሬቱ ያስረክብ ነበር። ከዚያም በላይ የጌታውን ማሳ ያርማል፣ አጥሩን ያጥራል፣ እህሉን ያጓጉዛል። ውጣ ሲባልም ይወጣል። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. በወጣው የገጠር መሬት አዋጅ ጭሰኝነት ቀረ፤ አንድ ቤተሰብ እስከ 10 ሄክታር እንዲያርስ ተፈቀደለት።

ይሁን እንጂ የእኔ ብሎ ካረሰው መሬት ሁለት መኸር እንደ ሰበሰበ ሚያዝያ 4 ቀን 1969 ዓ.ም. የእናት ሀገር ጥሪ መጣ። የገበሬ ማኅበራት ሰው እንዲያዋጡ ታዘዙ። ወዶ የሄደ አለ፤ ተገዶ የሄደም አለ። ብዙዎቹ ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ በሚገኘው በታጠቅ ጦር ሰፈር ለአጭር ጊዜ ሠልጥነው ሚሊሺያ ተባሉ። ሐምሌ 1969 ዓ.ም. የሶማሊያ መደበኛ ጦር ድንበር ጥሶ ገባ፤ መስከረም 1970 ዓ.ም. ጅጅጋ ተያዘች። ከካራማራው ውጊያ በኋላ፣ የኩባ ወታደሮችም ረድተው፣ የካቲት 26 ቀን 1970 ዓ.ም. ተመለሰች።

ጅጅጋ ብትመለስም ብዙው ገበሬ ወደ ማሳው አልተመለሰም። ከኦጋዴን ወደ ኤርትራ ግንባር ተላከ፤ እዚያም ዓመታት አለፉ። ግንቦት 1983 ዓ.ም. ወታደራዊው መንግሥት ሲወድቅ ሠራዊቱ ተበተነ። ከተበተነው ውስጥ ስደት የወጣው ጥቂት አይደለም።

ወገኖቻችን፤ በመካከላችን ይህን ሰው አንዱ «ጀግና» ይለዋል፤ ሌላው «የደርግ ወታደር» ብሎ ፊቱን ያዞርበታል። ሁለቱም ግን ቀርበው አልጠየቁትም። አዋጁን የጻፈው፣ ጦርነቱን የመራው እርሱ አይደለም። ሂሳቡን የከፈለው ግን እርሱና ያለ አራሽ የቀረችው ሚስቱ ናቸው።

ያን ጊዜ የዘመቱት ወጣቶች ዛሬ 70 ዓመት የደፈኑ ወይም የተጠጉ ናቸው። ልቅሶ ቤት ተቀምጠን የሕይወት ታሪካቸውን ከመፈለጋችን በፊት፣ በሕይወት ሳሉ ከአንደበታቸው እንስማው። ልጆቻችን ሁለት ሁለት ሆነው፣ ከአንድ አባት ዘንድ ተቀምጠው፣ ድምፃቸውን እንዲቀዱ እንጠይቃለን። በጥይት አይጀምሩ። «አባባ፣ ስንት ጥማድ በሬ ነበረዎት? ሲዘምቱ ማን አረሰልዎት?» ብለው ይጀምሩ። ቀሪውን እርሳቸው ያወጉታል።

ለአባቶቻችን ዕድሜና ጤና ይስጥልን።