ከመዝገቡ የቀሩት፦ በኢሉባቦር የአእምሮ ሕክምና ለማን ይደርሳል?



የሕክምና ክፍል መዝገብ የሚናገረው ስለ መጣው ሰው ነው። ከቤቱ ሳይወጣ የቀረው ወይም ከመንገድ የተመለሰው ከቁጥር አይገባም። ስለ አገልግሎት መሰናክሎች የሚደረግ ጥናት ዋና ጥቅሙም ይህን ሰው ወደ ቁጥር ማምጣቱ ነው።

በኢትዮጵያ ለዚህ የታወቀው ምስክር ቡታጅራ ነው። ተመራማሪዎች በዚያ ወረዳ ቤት ለቤት እየዞሩ 68,378 ሰዎችን ጠይቀው ነበር። እ.ኤ.አ. በ2003 በታተመው ውጤት መሠረት፣ ስኪዞፍሬንያ ከተገኘባቸው ሕሙማን መካከል ቀደም ሲል ለሕመሙ የሚሰጠውን መድኃኒት ወስደው የሚያውቁት ከመቶ 10 እንኳ አይሞሉም ነበር። የተገኙት በራቸው ስለተንኳኳ ነው።

ቡታጅራ ለዋና ከተማው ቅርብ ናት፤ መቱ ግን ከአዲስ አበባ 600 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች። ለረጅም ዘመን የአገሪቱ ብቸኛ የአእምሮ ሆስፒታል የአዲስ አበባው አማኑኤል ስለነበር፣ ለኢሉባቦር ሰው ሕክምና ማለት የቀናት ጉዞ ማለት ነበር። ዛሬ አገልግሎቱ በመቱ ካርል ሆስፒታል ይሰጣል። ይሁን እንጂ ከቡሬ፣ ከያዮ ወይም ከዳሪሙ ገጠር ለሚነሣ ቤተሰብ መቱም ራሷ ሩቅ ናት። ሕመምተኛው ብቻውን ስለማይጓዝ የሚከፈለው የሁለት ሰው መሳፈሪያ ነው፤ የሚባክነውም የሁለት ሰው የሥራ ቀን ነው።

የኢሉባቦር ዝናም ረጅም ነው። ገበሬው ገንዘብ የሚያገኘው ደግሞ ዝናሙ አልፎ ቡናው ሲለቀም ነው። ስለዚህ በኅዳር የሚከበረውን ወርኃዊ ቀጠሮ በሐምሌ ጭቃና ባዶ ኪስ ተባብረው ያስቀሩታል። «ቀጠሮ አያከብርም» ብሎ በካርዱ ላይ መጻፍ ቀላል ነው፤ ጥፋቱ ግን የቀጠሮው ነው።

በንግግር ለሚሰጥ ሕክምና ቋንቋ ዋናው መሣሪያ ነው። የአካባቢው ሕዝብ አብዛኛው ኦሮምኛ ተናጋሪ ሲሆን፣ በ1977 ዓ.ም. በሰፈራ ከወሎና ከሌሎችም አውራጃዎች የመጡ ቤተሰቦች ልጆችም በዚያው ይኖራሉ። ባለሙያውና ታካሚው በቋንቋ ካልተግባቡ የሚያስተረጉመው ብዙውን ጊዜ ዘመድ ነው። አስተርጓሚው የባሏ ወንድም ሲሆን ሴቲቱ የልቧን ሁሉ ትናገራለች ብሎ መገመት አይገባም። ራስ ምታትና ጨጓራ ብላ ወደ ቤቷ ትመለሳለች።

ታናሃሺ የተባሉት ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1978 የዓለም የጤና ድርጅት መጽሔት ላይ እንዳስረዱት፣ አገልግሎቱ መኖሩ፣ ሰው ሊደርስበት መቻሉ፣ ተቀባይነት ማግኘቱ፣ ሰው በተግባር መጠቀሙና ውጤት ማስገኘቱ የየራሳቸው እርከን ናቸው፤ በእያንዳንዱም ላይ ሰው ይንጠባጠባል። ለመቱ የሚጠቅመው ጥያቄ እንግዲህ «ስንት ታከሙ?» ሳይሆን «በየትኛው እርከን ላይ ቀሩ?» የሚለው ነው።

ስለ ርቀቱ ተስፋ የሚሰጥ ማስረጃ አለ። እ.ኤ.አ. በ2022 የታተመና ከባድ የአእምሮ ሕመም ያለባቸውን 329 ሰዎች የተከታተለ ጥናት፣ የሠለጠኑ የጤና ጣቢያ ሠራተኞች የሰጡት ክትትል የሳይካትሪ ነርሶች በሆስፒታል ከሚሰጡት እንደማያንስ አሳይቷል። ይህም የተሠራው በዚያው በቡታጅራ አካባቢ ነው። በጎሬም ሆነ በቡሬ እንዲህ ያለ ክትትል የሚጸናው መድኃኒቱ ሳይቋረጥ ሲደርስ ብቻ ነው፤ አንድ ቀን ባዶ እጁን የተመለሰ ቤተሰብ ዳግመኛ አይመጣም።

የመጀመሪያው ሥራ ብዙ ወጪ አይጠይቅም። አንድ ጊዜ ታይተው ያልተመለሱትን ካርዶች መለየት፣ ቀበሌውን፣ ቋንቋውንና የመጨረሻውን ወር ማስፈር፣ ከዚያም በጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ በኩል መጠየቅ ይቻላል። ነገር ግን የሠራተኛዋ መምጣት ብቻውን ለጎረቤት ወሬ ይሆናልና፣ ቤቱ ሊጠየቅ መቻሉና ምክንያቱ ለሌላ ሰው ምን ተብሎ እንደሚነገር ከታካሚው ጋር ገና በመጀመሪያው ቀን መስማማት ያስፈልጋል።