ቶሎ ለሚቀላና ለሚለበልብ ፊት
(ለዕድራችን አባላት የተደረገ ንግግር)



ዕድር የተቋቋመው የሞተውን ለመቅበር ቢሆንም፣ የቋሚውንም ጤና መጠበቅ ይገባናል። ዛሬ የምናነሣው ፊትን እየለበለበ የሚያቀላውን፣ ብጉር መሰል ሽፍታም የሚያወጣውን ሕመም ነው። ሐኪሞች ሮዜሽያ ይሉታል። በጠይም ፊት ላይ ቅላቱ ጎልቶ ስለማይታይ «ምች ነው» ተብሎ ይታለፋል። ተላላፊ አይደለምና ማንንም ከማዕድ አናርቅ።

የሚያባብሱት ፀሐይ፣ የምድጃ ወላፈን፣ ትኩስ መጠጥ፣ በርበሬና አረቄ ናቸው። ከፍታው በ1000 ሜትር በጨመረ ቁጥር ቆዳ የሚያቃጥለው የፀሐይ ጨረር ከመቶ 10 ያህል ይጨምራል። ስለዚህ «ጋዝጊብላ ደጋ ነው፣ ፀሐዩ አይጎዳም» አንበል። ባርኔጣ ወይም ጥላ እንያዝ፤ ፊታችንን ሳንፈትግ ለብ ባለ ውኃ እንታጠብ፤ ቡናውም በረድ ይበልልን።

ከሁሉ የከፋው ያለ ሐኪም ትእዛዝ የሚገዛው ፊት የሚያቀላ ቅባት ነው። ቤታሜታዞን ወይም ክሎቤታሶል ያለበት ቅባት መጀመሪያ ፊትን ያለሰልሳል፤ ውሎ አድሮ ግን ቆዳን ያሳሳል፣ ሲተዉትም ብሶ ያገረሻል። የጀመረ ሰው ጤና ጣቢያ ሄዶ ያማክር። ዓይን ከቀላና ከቆረቆረ ሳይዘገዩ ወደ ሰቆጣ ሆስፒታል መሄድ ነው። አዲስ አበባም በ1958 ዓ.ም. የተቋቋመው አለርት የቆዳ ሕክምና ይሰጣል።

የዕድራችን ድርሻስ? በለቅሶ ቀን ድንኳኑ ማልዶ ይተከል፤ ሐዘንተኛ ፀሐይ ላይ አይዋል። ፊቷን የምትነጭ እኅት ብናይ እጇን እንያዝ። ሟችን እንባችን ይሸኘው፤ ደማችን አይፍሰስ።