ስለ አጥቢያ፤ ለኢዮቤልዩ በዓል የተነገረ ንግግር



ዓለም ባንክ የሚባለው ይህ ሰፈር ስሙን ያገኘው በዓለም ባንክ ገንዘብ ከተካሄደው የመኖሪያ ቤቶች ሥራ ነው፤ ኮልፌ ቀራንዮ የተባለው ክፍለ ከተማ ግን ግማሽ ስሙን የያዘው ከቀራንዮ መድኃኔ ዓለም ደብር ነው። የልደታም ክፍለ ከተማ እንዲሁ በደብር ስም ይጠራል። የታክሲው ረዳት «ዑራኤል! ዑራኤል!» እያለ ሲጣራ አጥቢያ መጥራቱን ልብ አይለውም።

አጥቢያ የሚለው ቃል ሁለት ጌቶችን ያገለገለ ነው። በቤተ ክርስቲያን አነጋገር አንዱ ደብር የሚያጠምቃቸው፣ የሚያቆርባቸውና የሚቀብራቸው ሰዎች የሚኖሩበት ወሰን ማለት ነው። በመንግሥት ዘንድ ደግሞ በ1939 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ የአጥቢያ ዳኛ ተቋቋመ፤ እርሱም ከ25 ብር ያልበለጠውን የፍትሐ ብሔር ክርክር እንዲሰማ፣ በትንሹም ወንጀል እስከ 15 ብር መቀጫ እንዲፈርድ ሥልጣን ተሰጠው። ከፍርድም በፊት ማስታረቅን እንዲሞክር ታዘዘ።

ይህ ነገር በእኛ አገር ብቻ የታየ አይደለም። በካናዳ፣ ፈረንሳዮች በሰፈሩበት በኩቤክ፣ የአገረ ገዥው ትእዛዝ ከቅዳሴ በኋላ በቤተ ክርስቲያን ደጅ ይነበብ ነበር፤ ቄሱም ልደትን፣ ጋብቻንና ሞትን በሁለት መዝገብ ይጽፍ ነበር፤ አንደኛው ለደብሩ፣ ሁለተኛው ለመንግሥት። መንግሥት ይህን ሥራ ጠቅልሎ ወደ ራሱ መዝገብ ቤት የወሰደው በ1986 ዓ.ም. ብቻ ነው። በእኛ አገር ግን ቄሱ የመንግሥት ጸሐፊ አልሆነም፤ አጥቢያውንም ያኖረው ይልቁን መሬቱ ነበር።

መሬቱም በ1967 ዓ.ም. ሄደ። በየካቲት ወር የወጣው አዋጅ የገጠሩን መሬት፣ በሐምሌ የወጣው ደግሞ የከተማውን ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት አደረገ፤ በከተማም የቀበሌ ማኅበርና የፍርድ ሸንጎ ተቋቋመ። የሰሞን መሬት የነበረው ካህን ባዶ እጁን ቀረ። ነገር ግን ከዚህ ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ፣ በ1965 ዓ.ም.፣ በፓትርያርክ አቡነ ቴዎፍሎስ ዘመን፣ ቃለ ዓዋዲ ታውጆ ነበር። በዚህም ሕግ ካህናት፣ ምእመናንና ወጣቶች በአንድነት የሚመክሩበት ሰበካ ጉባኤ በየአጥቢያው እንዲቆም ታዘዘ። ያ ሕግ አስቀድሞ ባይወጣ ኖሮ፣ ርስቱ የተነጠቀው ደብር በማን ትከሻ ይቆም እንደ ነበረ ለማሰብ ያስፈራል። አቡነ ቴዎፍሎስ ግን ዋጋውን በእስራትና በሞት ከፈሉ።

እንግዲህ ደብሩን ያኖረው የአባላቱ አስተዋጽኦ ሆነ፤ የሚከፍለውም ሰው የሚመክር ሆነ። ቀበሌው ሰውን በቤት ቁጥር ያውቀዋል፤ አጥቢያው በክርስትና ስሙ ያውቀዋል፤ ነገር ግን የሚያውቀው ከተመዘገበ ነው። ስሙ በመዝገብ የሌለ ምእመን በንግሥ ቀን ሙዳየ ምጽዋቱን ሊሞላ ይችላል፤ ሆኖም አይመርጥም፣ አይመረጥም፣ ገንዘቡ በምን ላይ እንደ ዋለ በጉባኤ ተነሥቶ አይጠይቅም። ሒሳብ የማይጠየቅበት አጥቢያ ደግሞ ጥቂት ሰዎች ብቻ ቁልፉን የሚይዙት ይሆናል።

እንዲህ ባለ አዲስ ሰፈር ተከራይ ይበዛል፤ ብዙውም ሰው በዚህ እያስቀደሰ ስሙን በተወለደበት ደብር ትቶታል። ዛሬ በበዓሉ ከቆሙት መካከል እንዲህ ያሉት ጥቂት አይደሉም፤ እነርሱን የሚጽፈው መዝገብም ገና ብዙ ባዶ ገጽ አለው።