ከመሪ ሥር ስለሚሰማ ድምፅ
በላንድ ክሩዘር መኪና ላይ ስለሚደረግ የብልሽት ፍለጋ የቀረበ ንግግር



ላንድ ክሩዘር በኢትዮጵያ የጤና ጣቢያ አምቡላንስ፣ የመስክ ሠራተኛ ማመላለሻና የዕቃ መጫኛ እየሆነ አስፋልት ካልደረሰባቸው ቀበሌዎች የሚገባ መኪና ነው። ስለዚህ ሹፌሩ ከመስክ ተመልሶ «መሪው ሲዞር ይጮሃል» ሲል ነገሩ በቸልታ የሚታለፍ አይደለም። መልሱ በግምት ከተሰጠ ሁለት ጉዳት ይከተላል፤ አንደኛው ደኅናው ዕቃ ተፈቶ በአዲስ መተካቱ፣ ሁለተኛውና የከፋው ደግሞ የተበላሸው ዕቃ እንደ ተበላሸ ወደ መንገድ መመለሱ ነው። የዚህ ንግግር ፍሬ ነገር አንድ ነው፤ የድምፅ መጉላት የአደጋ መለኪያ ሊሆን አይችልም።

የምርመራ መጀመሪያ ጥያቄ ነው፤ መፍቻ የሚነሣው ኋላ ነው። ድምፁ የሚሰማው መኪናው ቆሞ ነው ወይስ ሲሄድ? መሪው እስከ መጨረሻው ሲዞር ነው ወይስ ገና ሲነካ? በአራቱም ጎማ ሲነዳ ብቻ ነው ወይስ በሁለቱም ጊዜ? መኪናው በቅርቡ ወንዝ ተሻግሯልን? ሹፌሩ ለእነዚህ የሚሰጠው መልስ የሥራውን እኩሌታ ያቃልላል።

እ.ኤ.አ. በ1984 የወጣው የ70 ተከታታይ ላንድ ክሩዘር በአብዛኛው በፊትና በኋላ አክስል መካከል ዲፈረንሻል የለውም። መኪናው ሲታጠፍ የፊት ጎማዎች ከኋላዎቹ የሰፋ ክብ ስለሚዞሩ ብዙ መንገድ ይሄዳሉ። ጭቃና ኮረት ላይ ጎማው በመጠኑ እየተንሸራተተ ልዩነቱን ያካክሳል። ደረቅ አስፋልት ላይ ግን ጎማው መሬቱን ስለሚይዝ ኃይሉ በክሮቸራውና በማርሾቹ ውስጥ ይጠራቀማል፤ መሪው ይከብዳል፣ መኪናው እንደ ተያዘ ይሆናል፣ ውጥረቱ ድንገት ሲለቅም ይጮሃል። ከጭቃ ወጥቶ አስፋልት የያዘ ሹፌር ማርሹን ወደ ሁለት ጎማ መመለስ ረስቶ ከሆነ፣ መድኃኒቱ ማርሹን መመለስ ብቻ ነው። ይህን ሳይጠይቅ መሪውን የፈታ ጋራዥ ጤነኛ መኪና አፍርሷል።

መኪናው ቆሞ፣ ሞተሩ እየሠራ መሪው ሲዞር የሚያቃስት ድምፅ ከተሰማ አስቀድሞ የሚታየው የመሪው ዘይት ነው። ዘይቱ ጎድሎ ወይም አረፋ ይዞ ከተገኘ አየር ገብቷል ማለት ነው። የሚያፏጨው ደግሞ የላላ ቺንጋ ሊሆን ይችላል። መሪው ጥግ ሲደርስ የሚሰማው ሲርታ ግን የግፊት ማስተንፈሻው ሥራ ስለ ሆነ ብልሽት አይደለም፤ መሪውን በዚያ ቦታ ይዞ መቆየት ግን ፓምፑን ይጎዳል።

መኪናው በዝግታ እየሄደ መሪው በጣም ሲታጠፍ፣ ከጎማው ዙር ጋር የሚፈጥን «ቀጭ ቀጭ» የሚል ድምፅ ቢሰማ ጥርጣሬው በፊት አክስል ዘንግ ጫፍ ባለው፣ ስድስት የብረት ኳሶችን በያዘው ቢርፊልድ በተባለው መጋጠሚያ ላይ ይወድቃል። የእጅ መቆለፊያ ባለው መኪና ማረጋገጫው ቀላል ነው። በሁለቱ የፊት ጎማዎች እምብርት ላይ ያሉት መቆለፊያዎች «ፍሪ» ላይ ተደርገው በሁለት ጎማ ሲነዳ ዘንጉ ከጎማው ጋር ስለማይዞር ድምፁ ይጠፋል። ካልጠፋ ፍለጋው ወደ ጎማው ኩሽኔታና ወደ ፍሬኑ ይዛወራል። ከመሪ ጉልበቱ ላይ የቀጠነ ግራሶ የሚፈስ ከሆነም የውስጡ ዘይት መከላከያ ጎማ አልቆ የዲፈረንሻሉ ዘይት ከግራሶው ጋር ተደባልቋል። በዚህ ጊዜ አዲስ ግራሶ መሙላት ድምፁን ለጥቂት ቀን ያፍነዋል እንጂ የተበላውን ብረት አይመልሰውም።

ከሁሉም የሚያሰጋው መሪው ግራና ቀኝ ሲነካ የሚሰማው ደብዛዛ «ኳ» ነው። ብዙ ጊዜ በሞተሩ ድምፅ ይሸፈናል። ጎማዎቹ መሬት ላይ እንዳሉ ረዳት መሪውን በጥቂቱ እያወዛወዘ፣ መካኒኩ እጁን በየኳስ መጋጠሚያው ላይ ቢያሳርፍ ክፍተቱ በጣቱ ይታወቀዋል። የመሪው ሳጥን ከሻንሲው ጋር የታሰረባቸው ቦሎኖችም አብረው ይፈተሻሉ። ቀጥሎ ጎማው በክሪክ ተነሥቶ ከላይና ከታች ተይዞ ይነቀነቃል። ረዳቱ ፍሬን ሲይዝ ንቅናቄው ከጠፋ ጥፋቱ የጎማው ኩሽኔታ ነው፤ ካልጠፋ የመሪ ጉልበቱ ኩሽኔታ ነው።

እንግዲህ ፍርዱ በዚህ ይለያል። «ቀጭ ቀጭ» የሚለው መኪና መቆለፊያው ተፈቶ በሁለት ጎማ እየተነዳ ወደ ጋራዥ ሊደርስ ይችላል። «ኳ» የሚለው ግን ከበር አይወጣም። የላላ የኳስ መጋጠሚያ ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ በሚወርደው ጠመዝማዛ ቁልቁለት ላይ ቢለያይ፣ መሪው በሹፌሩ እጅ ሳለ ጎማው አይታዘዝም፤ በአምቡላንሱ ውስጥ የተኛው በሽተኛም ከሹፌሩ ጋር ይጠፋል።

ስለዚህ በየጋራዡ የሹፌሩ ቃል፣ የተደረገው ፍተሻና የተገኘው ውጤት በመዝገብ ይስፈር። ሹፌሩ ድምፁን አስቀድሞ የሰማ ምስክር ነውና ቃሉ ሳይናቅ ይደመጥ።